ከመቁረጡ በፊት የሚሠራ ሂሳብ፦ ሂፖካምፐስን ስለመቁጠር ለደረሱን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

በዚህ ወር የደረሱን ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው፤ አንድ የአንጎል ክፍል ስንት የነርቭ ሕዋስ እንዳለው ወይም መጠኑ ምን ያህል እንደሆነ የሚመረምር ጥናት በሂሳብ እንዴት ይታቀዳል? አብዛኞቹ ጸሐፊዎች የሚጠይቁን አንጎሉ ተቆርጦና ተቀልሞ ስላይድ ላይ ከተለጠፈ በኋላ መሆኑ ያሳዝነናል። ያኔ ሂሳቡ ሊያድነው የሚችለው ጥቂቱን ብቻ ነውና።

ጥያቄ፦ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። በራት፣ ማለትም በትልቁ የላቦራቶሪ አይጥ ሂፖካምፐስ (ለትውስታ ቁልፍ በሆነው የአንጎል ክፍል) ውስጥ፣ ሲኤ1 በሚባለው ክፍል ያሉትን ኒውሮኖች፣ ማለትም የነርቭ ሕዋሶች፣ ልቆጥር ነው። አማካሪዬ ከእያንዳንዱ እንስሳ ጥሩ ሆነው የወጡ አምስት ቁራጮችን መርጬ ፎቶ እንዳነሳ ነገሩኝ። ይበቃል? ካልበቃ ስንት ቁራጭ፣ ስንት ሕዋስ ልቁጠር?

መልስ፦ ከአምስቱ ማነስ ይልቅ የሚያሳስበን «ጥሩ ሆነው የወጡ» የሚለው ነው። ዓይን የሚወደው ቁራጭ ሕዋሶች ጥቅጥቅ ብለው የተሰለፉበት የመሃሉ ቁራጭ ነው፤ ጫፎቹ ሳይቆጠሩ ይቀራሉ። በሽታው ጫፉን ከጎዳው ደግሞ ጉዳቱ ከእነጭራሹ አይታይም።

የሂሳቡ መነሻ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ ለመቆጠር እኩል ዕድል ይኑረው፤ ዕድሉም ስንት እንደሆነ ይታወቅ። ከዚያ የተቆጠረውን በዕድሉ ማካፈል ብቻ ይቀራል። ዘዴው ኦፕቲካል ፍራክሽኔተር ይባላል፤ ዌስት፣ ስሎሚያንካና ጉንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1991 በራት ሂፖካምፐስ ላይ ሠርተውበታል።

ዕቅዱን ከመጨረሻው ይጀምሩ። ለአንድ እንስሳ ከ150 እስከ 200 ሕዋስ መቁጠር አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የራት ሲኤ1 በአንድ ጎን ወደ 380,000 የሚጠጉ ኒውሮኖች አሉት። ስለዚህ 200 ለመቁጠር ከ1,900 ሕዋስ አንዱን መውሰድ ያስፈልጋል። ይህ ክፍልፋይ በሦስት ደረጃ ይከፋፈላል።

መጀመሪያ ቁራጮቹ። ሂፖካምፐሱ ከፊት ወደ ኋላ 4.5 ሚሊሜትር ያህል ቢረዝምና በ40 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺህኛ ነው) ቢቆረጥ 112 ገደማ ቁራጭ ይወጣል። ከየ12ቱ አንድ ሲወሰድ 9 ወይም 10 ይደርስዎታል። ሂፖካምፐስ ከታየበት የመጀመሪያው ቁራጭ አንስተው ቁጥር ይስጡ፣ ከ1 እስከ 12 ዕጣ ያውጡ። 7 ቢወጣ 7ኛው፣ 19ኛው፣ 31ኛው እያሉ ጨርሶ እስኪጠፋ ይሄዳሉ። ዕጣው የሚወጣው ለእያንዳንዱ እንስሳ ለየብቻው ነው።

ሁለተኛ ስፋቱ። የመቁጠሪያ ፍሬሙ፣ ማለትም በማይክሮስኮፑ ምስል ላይ የሚያርፈው የመቁጠሪያ ሳጥን፣ 20 በ20 ማይክሮን ቢሆን 400 ካሬ ማይክሮን ነው። ማይክሮስኮፑ ፍሬሙን ወደ ጎንም ወደ ታችም በየ200 ማይክሮኑ እንዲያዘልል ካደረጉት ለአንድ ፍሬም 40,000 ካሬ ማይክሮን ይደርሰዋል። ክፍልፋዩ 1/100 ነው።

ሦስተኛ ጥልቀቱ። ስላይድ ላይ ደርቆ 16 ማይክሮን ከቀረው ቁራጭ 10ሩን ብቻ ይቆጥራሉ፤ መልሶ ማባዣው 1.6 ይሆናል። እንግዲህ 200 ሕዋስ ከቆጠሩ፦

200 × 12 × 100 × 1.6 = 384,000

ይህን በወረቀት ላይ ከጨረሱ በኋላ በአንድ እንስሳ ይሞክሩት። በአንድ ፍሬም በአማካይ ከ1 እስከ 2 ሕዋስ ካገኙ ጥሩ ነው፤ ወደ 130 ፍሬም፣ በአንድ ቁራጭ 14 ያህል ይሆናል። በየፍሬሙ 6 እና 7 ከመጣ ፍሬሙን ያሳንሱና እርምጃውን ያጥቡ፤ ሕዋሶች ተደራርበው ሲታዩ ዓይን አንዱን ይዘላል፣ ሌላውን ይደግማል። አብዛኛው ፍሬም ባዶ ከሆነ ፍሬሙን ያስፉ።

ሁለት ስህተት በተደጋጋሚ እናያለን። አንደኛው ቁራጮችን ከአንጎል አትላስ ጋር አመሳስሎ «ይህን ደረጃ፣ ያንን ደረጃ» እያሉ መምረጥ ነው። የታመመው ሂፖካምፐስ ካጠረ ያው አምስት ደረጃ ከአጠረው አካል የሚወስደው ድርሻ ከጤነኛው ይለያል፤ ንጽጽሩም እዚያው ይፋለሳል። ሁለተኛው የተቀደደን ቁራጭ ዝም ብሎ ማለፍ ነው። አልፈውት ሲሄዱ በዚያ ቁራጭ ላይ ዜሮ ሕዋስ አለ ብለው መመዝገብዎ ነው። በአጋጣሚ የተበላሸ ከሆነ አጠገቡ ያለውን ይተኩ፣ ወይም የግራና የቀኝ ጎረቤቶቹን ቆጠራ አማካይ ይውሰዱ፤ የትኛውን እንዳደረጉም ይጻፉ። ለዚህ ሲባል ከየ12ቱ ያልተመረጡት 11 ቁራጮች በቅደም ተከተል ተለይተው ይቀመጡ እንጂ አይጣሉ።

ጥያቄ፦ በበሽታ የተጠቁት እንስሳት ኒውሮን ይጠፋባቸዋል ብለን ጠብቀን ነበር። በአንድ ኪዩብ ሚሊሜትር ያለውን ብዛት ስናሰላ ግን ከጤነኞቹ በለጡ። የቆጠራ ስህተት ይሆን?

መልስ፦ ቆጠራዎ ትክክል ሊሆን ይችላል። የተሳሳተው ጥያቄው ነው። ጤነኛው አካል በ2.0 ኪዩብ ሚሊሜትር ውስጥ 400,000 ሕዋስ ቢኖረው ጥግግቱ 200,000 ነው። በሽታው 60,000 ሕዋስ ቢገድልና አካሉ ራሱ ወደ 1.6 ቢኮማተር ቀሪው 340,000 በጠበበ ቦታ ታጉሮ ጥግግቱ 212,500 ይሆናል። 15 በመቶ ኒውሮን ሞቶ ወረቀቱ ላይ 6 በመቶ ጭማሪ ይነበባል ማለት ነው። የጥግግት ክፍልፋይ ላዕልም ታህትም አለው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደተንቀሳቀሰ ውጤቱ ብቻውን አይነግርም።

ስለዚህ ጠቅላላ ቁጥሩን ያውጡ፣ መጠኑንም ለየብቻ ይለኩ። ለመጠን ከጣሊያናዊው የሂሳብ ሊቅ ካቫሊየሪ የተወረሰው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ዘዴ እስከ ዛሬ የሚበልጠው አልተገኘም ብንል ማጋነን አይሆንም። የነጥብ መረብ በእያንዳንዱ የተመረጠ ቁራጭ ላይ በዘፈቀደ ይጥሉና በአካሉ ላይ ያረፉትን ነጥቦች ይቆጥራሉ። ነጥቦቹ በየ0.5 ሚሊሜትር ከተራራቁ እያንዳንዱ 0.25 ካሬ ሚሊሜትር ይወክላል። በተመረጡት ቁራጮች መካከል ያለው ርቀት 12 × 0.04 = 0.48 ሚሊሜትር ነው። 180 ነጥብ ካረፈ 180 × 0.25 × 0.48 = 21.6 ኪዩብ ሚሊሜትር። ከ100 እስከ 200 ነጥብ በአንድ አካል ይበቃል፤ ጠርዙን በብዕር ሲከታተሉ መዋል አያስፈልግም።

እዚህ ላይ የሚገባው የቁራጭ ውፍረት ማይክሮቶሙ (አንጎሉን የሚቆርጠው መሣሪያ) የተሞላበት 40 ማይክሮን እንጂ ደርቆ የቀረው 16 አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ከግማሽ በላይ ያነሰ መጠን ያወጣል። ፓራፊን ውስጥ የተቀበረ አንጎል ደግሞ ገና ሳይቆረጥ መጠኑ ግማሽ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ሁለቱ ቡድኖች እኩል መኮማተራቸውን ካላረጋገጡ መጠንም ጥግግትም አያወዳድሩ። የፍራክሽኔተር ጠቅላላ ቁጥር ግን መኮማተር አይነካውም፤ ሕዋሱ ቢጠብም ሕዋስ ነውና።

ጥያቄ፦ በ40 ማይክሮን የቆረጥነው ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ሲለካ አንድ ቦታ 12፣ ሌላ ቦታ 20 ማይክሮን ነው። የትኛውን እንመን?

መልስ፦ ሁሉንም። ቁራጩ ስላይድ ላይ ሲደርቅ፣ በአልኮል ውኃው ሲወጣለትና ሲሸፈን ወደ ታች ይሰምጣል፤ አሰማመጡ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል። ስለዚህ ውፍረቱ በየፍሬሙ፣ ቢያንስ በየአምስተኛው ፍሬም ይለካል፤ አማካዩ ግን ተራ አማካይ አይሁን። ሦስት ፍሬም እንውሰድ። አንዱ 12 ማይክሮን ወፍሮ 1 ሕዋስ፣ ሁለተኛው 16 ሆኖ 2፣ ሦስተኛው 20 ሆኖ 3 ተቆጥሮበታል። ተራው አማካይ 16 ነው። በሕዋስ ብዛት የተመዘነው ግን (12×1 + 16×2 + 20×3) ÷ 6 = 17.3 ይሆናል። ልዩነቱ 8 በመቶ ነው፤ እሱም እንዳለ ወደ መጨረሻው ቁጥር ይገባል። ሕዋስ የበዛበት ቦታ የወፈረ ከሆነ መመዘኑ ግዴታ ነው።

የሚቆጠርበት ጥልቀት 10 ማይክሮን ቢሆን ከላይና ከታች 3 3 ማይክሮን ጥበቃ ይተዉ። ምላጭ ሲያልፍ በላይኛውና በታችኛው ፊት ላይ ያሉ ሕዋሶችን ይቆርጣል፣ አንዳንዱንም ነቅሎ ይወስዳል፤ እነዚያን ጫፎች መቁጠር ቁጥሩን ያወርዳል። 3 + 10 + 3 ሲደመር 16 ነው፤ እንግዲህ አማካዩ 16 በሆነ ቁራጭ ላይ ምንም ትርፍ የለዎትም። 12 በሆነበት ቦታ የታችኛው ጥበቃ ጨርሶ አልቆ መቁጠሪያው ከሕብረ ሕዋሱ ወጥቶ መስታወት ውስጥ ይገባል። እንዲህ ዓይነት ቦታ ከበዛ የሚቀጥሉትን አንጎሎች በ50 ወይም በ60 ማይክሮን ይቁረጡ፤ ያሉትን ግን ጥልቀቱን ወደ 8 ዝቅ አድርገው ለሁሉም እንስሳ አንድ ዓይነት ይቁጠሩ።

ሁለት ነገር እንጨምር። ሌንሱ የዘይት ይሁን፤ 60 ወይም 100 እጥፍ የሚያጎላ፣ ኒውመሪካል አፐርቸሩም (ብርሃን የመሰብሰብ አቅሙ) 1.3 ወይም 1.4 የሆነ። በደረቅ ሌንስ መድረኩ 10 ማይክሮን ሲወርድ ትኩረቱ በቁራጩ ውስጥ የሚጓዘው 15 ያህል ስለሆነ የጥልቀት ንባቡ ሐሰት ይሆናል። ቀጥሎ፣ ማቅለሚያው እስከ ታች መግባቱን ይፈትሹ፤ በተለይ ፀረ እንግዳ አካል የሚጠቀም ማቅለሚያ ከላይና ከታች ቀልሞ መሃሉን ባዶ ይተወዋል። ምርመራው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ሕዋስ የተገኘበትን ጥልቀት ይመዝግቡና በ1 ማይክሮን ደረጃ ሥዕል ያውጡ። ጠፍጣፋ ከሆነ ደህና ነው። መሃሉ ከጎደጎደ ማቅለሚያው አልገባም፣ ጫፎቹ ከወረዱ ደግሞ ጥበቃው አንሷል።

ሲቆጥሩ ኒውክለሱ (የሕዋሱ አስኳል) መጀመሪያ ጥርት ብሎ በሚታይበት ቅጽበት ይቁጠሩት። በላይኛው ወለል ላይ ቀድሞ ጥርት ያለውን ይተዉ፤ በታችኛው ወለል ላይ ጥርት የሚለውን ይያዙ። ከፍሬሙ አራት ጎኖች ሁለቱ ቀይ፣ ሁለቱ አረንጓዴ ናቸው፤ ቀዩን የነካ አይቆጠርም፣ አረንጓዴውን ብቻ የነካ ይቆጠራል። የዳይሴክተር ሕግ ይኸው ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመው ዲ. ሲ. ስቴሪዮ (D. C. Sterio) በሚል የብዕር ስም ነበር፤ የስሙ የእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ሲቀያየሩ «ዳይሴክተር» (disector) የሚለውን ቃል ይሰጣሉ።

ጥያቄ፦ ገምጋሚዎች «የስህተት መጠኑን አሳዩ» አሉን። ከ9 ቁራጭ 198 ሕዋስ ቆጥረናል። እንዴት ይሰላል? ካነሰ እንደገና እንቁጠር?

መልስ፦ ቁራጮቹ በየተራቸው ይህን ሰጡ እንበል፦ 6፣ 19፣ 21፣ 33፣ 28፣ 34፣ 24፣ 22፣ 11። ድምሩ 198 ነው። ሦስት ድምር ያውጡ። «ሀ» እያንዳንዱ በራሱ ሲባዛ፣ 5,048። «ለ» እያንዳንዱ በቀጣዩ ሲባዛ፣ 4,668። «ሐ» አንድ ዘሎ ባለው ሲባዛ፣ 4,147። ከቁራጭ ወደ ቁራጭ ባለው ልዩነት የሚመጣው ቫሪያንስ (የመለያየት መለኪያ)፦

(3 × (ሀ − 198) − 4 × ለ + ሐ) ÷ 240 = (14,550 − 18,672 + 4,147) ÷ 240 = 0.1

በፍሬም ውስጥ ከመቁጠር የሚመጣው ቫሪያንስ ደግሞ ቆጠራው ራሱ፣ 198 ነው። ሁለቱ ተደምረው ስኩዌር ሩታቸው 14.1፤ ይህ ለ198 ሲካፈል 0.071፣ ማለትም 7.1 በመቶ። 240ው እንደ ሂፖካምፐስ ቅርጻቸው ከቁራጭ ቁራጭ ቀስ እያለ ለሚለወጥ አካላት ነው። የቁራጩ ቫሪያንስ ከዜሮ በታች ከወረደ ዜሮ ይባላል።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ይመልከቷቸው፦ 0.1 እና 198። ስህተቱ በሙሉ ማለት ይቻላል ከቁራጮች ማነስ ሳይሆን ከሕዋሶች ማነስ የመጣ ነው። እንግዲህ ተጨማሪ ቁራጭ መቁረጥና መቅለም ልፋት ብቻ ነው፤ ማሻሻል ከፈለጉ በነዚያው ቁራጮች ላይ ፍሬም ይጨምሩ።

ማሻሻል ያስፈልግዎ እንደሆነ የሚወስነው በእንስሳቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በቡድንዎ ውስጥ የታየው ልዩነት፣ ማለትም ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ለአማካይ ሲካፈል፣ 14 በመቶ ይሁን። የ0.14 ስኩዌር 0.0196፣ የ0.071 ስኩዌር 0.005። ከመጀመሪያው ሁለተኛው ሲቀነስ 0.0146 ይቀራል፤ ሩቱ 12 በመቶ ሲሆን የእንስሳቱ እውነተኛ ልዩነት እሱ ነው። የቆጠራ ስህተቱ ከጠቅላላው ቫሪያንስ ሩብ ያህሉን ብቻ ይዟል። ከግማሽ በታች እስከሆነ ድረስ ይበቃል የሚለው የተለመደ መስፈርት ነው፤ የእርስዎም አልፏል።

ቆጠራውን በእጥፍ ቢያሳድጉስ? ስህተቱ ወደ 5 በመቶ፣ የቡድኑ ልዩነት ከ14 ወደ 13 በመቶ ይወርዳል። በ6 እንስሳ የአማካዩ ስታንዳርድ ስህተት ከ5.7 ወደ 5.3 ይወርዳል ማለት ነው። በአንጻሩ ቆጠራውን ሳይነኩ እንስሳቱን 9 ቢያደርጓቸው 4.7 ይሆናል። በዚህ መስክ ይህን ያህል ጊዜና ጉልበት የሚያድን ሌላ ስሌት አናውቅም፤ ቆጠራው ሳይጀመር መሠራት ያለበትም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከ4 እንስሳት 40 ቁራጭ አለኝ። የናሙናዬ ቁጥር 40 ነው ብል ስህተት አለው? በአንድ ቡድን ስንት እንስሳ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ናሙናዎ 4 ነው። ከአንድ እንስሳ የወጡ አሥር ቁራጮች የአንድ ሕይወት አሥር ምስክሮች ናቸው፤ ሕክምናው የተሰጠው ለእንስሳው እንጂ ለቁራጩ አይደለም። 40 ብለው ቢሞክሩ ልዩነት በሌለበት ልዩነት አለ የሚል ውጤት በቀላሉ ያገኛሉ።

ለሁለት ቡድን ንጽጽር፣ በ5 በመቶ ደረጃና ልዩነቱን ለማግኘት በ80 በመቶ ዕድል፣ በአንድ ቡድን የሚያስፈልገው 15.7 × (ልዩነት በእንስሳት መካከል ÷ ሊያገኙት የሚፈልጉት ልዩነት)² ነው፤ ውጤቱን ወደ ላይ ያጠጋጉና ለትንሽ ናሙና 1 ይጨምሩ። በ14 በመቶ የእንስሳት ልዩነት 20 በመቶ ጉድለት ለመያዝ 15.7 × 0.49 = 7.7፣ ማለትም 8 ሲደመር 1፣ 9 እንስሳ። 10 በመቶ ጉድለት ለመያዝ ግን 32። ጉድለቱ በግማሽ ሲያንስ እንስሳቱ በአራት እጥፍ ያድጋሉ። 14ቱን ከሌላ ሰው ጽሑፍ ከመቅዳት በራስዎ ማቅለሚያና በራስዎ ዓይን ከ4 ወይም ከ5 እንስሳት ይለኩት፤ ከዚህ ትንሽ ናሙና የሚገኘው ግምት ራሱ ልል ስለሆነ ጥቂት ከፍ አድርገው ያቅዱ። ስላይዶቹንም ቡድኑን የማያውቅ ሰው በኮድ ይሸፍናቸው።

ጥያቄ፦ ሁሉም አንጎሎች በ5 ማይክሮን ፓራፊን ተቆርጠዋል። የአበርክሮምቢ ማስተካከያ ይበቃናል?

መልስ፦ አንድ ኒውክለስ ከአንድ በላይ ቁራጭ ላይ መቆጠሩን የሚያርመው ይህ እ.ኤ.አ. የ1946 ማስተካከያ የተቆጠረውን በ(ውፍረት ÷ (ውፍረት + የኒውክለስ ቁመት)) ያባዛል። ውፍረቱ 5፣ ኒውክለሱ 10 ማይክሮን ቢሆን ማባዣው 5 ÷ 15፣ አንድ ሦስተኛ ነው። ከቆጠሩት ሁለት ሦስተኛው የአንድ ኒውክለስ ድጋሚ ቁራጭ ነው ማለት ነው፤ ለዚህ ያህል ትልቅ እርማት መታመን ከባድ ነው። በሽታው ኒውክለሱን ወደ 8 ቢያሳንሰውና እርስዎ 10 ብለው ከቀጠሉ ትክክለኛው ማባዣ 5 ÷ 13 ነበርና የታመመው ቡድን ቁጥር 13 በመቶ ያንሳል፤ አንድም ሕዋስ ሳይሞት።

ተከታታይ ቁራጮች ካሉዎት የተሻለ መንገድ አለ። ሁለት ጎረቤት ቁራጮችን ጎን ለጎን አድርገው በአንዱ ታይቶ በሌላው የሌለውን ኒውክለስ ብቻ ይቁጠሩ፤ ከዚያ ቦታቸውን ለዋውጠው ይድገሙት። ቁመትም ቅርጽም መገመት አያስፈልግም። ተከታታዮቹ ከተጣሉ ግን ጠቅላላ ቁጥር የሚል ቃል በጽሑፍዎ ውስጥ አያስገቡ።

ጥያቄ፦ እኛ የምንሠራው በሰው የኤምአርአይ ምስል ነው። ሂፖካምፐስን በየ1 ሚሊሜትሩ በእጅ መከለል ቀናት ይፈጃል። መዝለል ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። የሰው ሂፖካምፐስ ርዝመቱ 4 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ከየ3ቱ ምስል አንዱን፣ በዕጣ ጀምረው ቢወስዱ 13 ያህል ይደርስዎታል፤ ለካቫሊየሪ በቂ ነው። የሚያሳስበው ጫፉ ነው፦ የፊቱ ራስ ከአሚግዳላ፣ ማለትም ከጎረቤቱ የአንጎል ክፍል፣ የሚለይበት ድንበር። እሱን በምን ምልክት እንደምትለዩት ከመጀመራችሁ በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። ያው ሰው 10 አንጎሎችን በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይለካ፤ ሁለቱ ልኬቶች የሚራራቁት ከምትፈልጉት ልዩነት ጋር የሚቀራረብ ከሆነ ድንበሩን እንደገና ጻፉት። ምስሎቹንም ግማሾቹን በዕጣ ግራና ቀኝ ገልብጡ፤ ለኪው የትኛው ጎን እንደታመመ እያወቀ ጠርዝ መሳል የለበትም።